ዘግይቶ የሚደርስ ዕውቀት፦ የባክቴሪያ ምርመራና የሐኪም ኅሊና

በባክቴሪያ የተነሣ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው በሆስፒታል ሲታከም የሕመሙ ፍጥነትና የዕውቀቱ ፍጥነት አይገናኙም። ባክቴሪያው ወደ ደም ገብቶ የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት ሲያናውጥና ኩላሊት፣ ሳንባና ልብ አንድ በአንድ ሥራቸውን መልቀቅ ሲጀምሩ፣ ማለትም በሕክምናው አጠራር ሴፕሲስ የሚባለው ሁኔታ ሲከሠት፣ የታማሚው የመዳን ዕድል በሰዓታት ይለካል፤ የሕመሙ ምክንያት የትኛው ባክቴሪያ እንደ ሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው የሚያስረዳው የላብራቶሪ ምርመራ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ሕክምናውን የሚጀምረው ጠላቱን ለይቶ ሳያውቅ ነው። ሰው ሳያውቅ ለማድረግ የሚገደደው ነገር መቼ ቅን ሥራ፣ መቼስ በደል ይሆናል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የሕክምና መጻሕፍት ብቻቸውን የሚመልሱት አይደለም፤ ፈላስፎችና የሃይማኖት መምህራን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲመረምሩት የኖሩት የኅሊና ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ የሐኪሙ ኅሊና ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው መድኃኒቱን በሚጀምርበት በመጀመሪያው ሰዓት ሳይሆን የምርመራው ውጤት በሚደርስበት በሦስተኛው ቀን ነው የሚል ነው።

ዕውቀቱ የሚዘገይበት ምክንያት በቅድሚያ ሊብራራ ይገባል፤ መዘግየቱ ከሰው ስንፍና ሳይሆን ከነገሩ ባሕርይ የሚመነጭ ነውና። በሴፕሲስ በተያዘ ሰው ደም ውስጥ የሚገኙት ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ አንድ ሕያው ባክቴሪያ እንኳ ላይገኝ ይችላል። በዚህም የተነሣ ደሙን በማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ ባክቴሪያውን በቀጥታ መፈለግ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ስለሚሆን፣ ከአዋቂ ታማሚ ለአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይወሰድና ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ፈሳሽ ውስጥ ተጨምሮ በሰውነት ሙቀት ልክ ይቀመጣል። የደም ካልቸር የሚባለው ይህ ነው። ዘመናዊው መሣሪያ ባክቴሪያው ሲራባ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተከታተለ፣ መጠኑ ከፍ ባለ ጊዜ በጠርሙሱ ውስጥ ሕይወት እንዳለ ያመለክታል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል።

ምልክቱ ከተሰጠ በኋላ ከጠርሙሱ ጠብታ ተወስዶ ዴንማርካዊው ሐኪም ሐንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 እ.ኤ.አ. በርሊን ሳለ ባሳተመው የማቅለም ዘዴ ይመረመራል (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወፍራም የሕዋስ ግድግዳ ያላቸው ባክቴሪያዎች ሐምራዊውን ቀለም ይዘው ሲቀሩ፣ ግድግዳቸው ስስ የሆነው በአልኮል ሲታጠቡ ቀለሙን ይለቁና በሁለተኛው ቀለም ሮዝ ወይም ቀይ ይሆናሉ። በደቂቃዎች የሚያልቀው ይህ ሥራ ባክቴሪያውን ከሁለት ታላላቅ ጎራዎች በአንዱ ይመድበዋል እንጂ ማንነቱን ሙሉ በሙሉ አይገልጥም። ዝርያው የሚለየው ባክቴሪያው በሳህን ላይ ተዘርቶ፣ አንድ ሌሊት አድሮ ከበቀለ በኋላ ነው። ለመድኃኒት ያለው ተጋላጭነት ደግሞ ባወር፣ ኪርቢና ባልደረቦቻቸው በ1966 ወጥ አድርገው ባሳተሙት ዘዴ ይታወቃል፤ ባክቴሪያው በሳህኑ ገጽ ሁሉ ላይ ይቀባና በልዩ ልዩ መድኃኒቶች የተነከሩ ትንንሽ የወረቀት ክቦች ይቀመጡበታል፤ በማግስቱም በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ባዶ ስፍራ በሚሊ ሜትር ይለካል። ስፍራው ሰፊ ከሆነ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ያቆመዋል፤ ጠባብ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷል ይባላል። በቅርብ ዓመታት የባክቴሪያን ፕሮቲኖች በክብደታቸው ለይተው ዝርያውን በደቂቃዎች የሚናገሩ መሣሪያዎች በሀብታም አገሮች ላብራቶሪዎች ተስፋፍተዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ቀድሞ በበቀለ ባክቴሪያ ላይ ስለሆነ መጠበቁ ያጥራል እንጂ አይቀርም።

እንግዲህ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሐኪሙ ምን ማድረግ ይገባዋል? እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፈርድ በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቂ ማስረጃ በሌለበት ነገር ማመን በማንም፣ በየትኛውም ጊዜና ስፍራ ጥፋት ነው ሲል ተከራክሯል። ለዚህም ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው የመርከቡን ማርጀት እየጠረጠረ ጥርጣሬውን አፍኖ መንገደኞችን አሳፍሮ የላከን ባለ መርከብ ነው። የክሊፈርድ ብያኔ የሰውን ራስን ማታለል ለመግለጥ ኃይል አለው፤ ይሁን እንጂ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቃል በቃል ይተርጎም ቢባል ማስረጃው ተሟልቶ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥን ያስከትላልና ታማሚው የሞተበት ሰዓት የሐኪሙ ንጽሕና የተጠበቀበት ሰዓት ይሆናል። ይህን ኅሊና ሊቀበለው አይችልም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ከክሊፈርድ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1781 ባሳተመው የንጹሕ አእምሮ ሒስ በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ይህንኑ ጭንቅ በሐኪም ምሳሌ አንሥቶታል። ሐኪሙ በአደጋ ላይ ላለ በሽተኛ አንድ ነገር ማድረግ አለበት፤ በሽታውን ግን አያውቀውም፤ ምልክቶቹን አይቶ የተሻለ ፍርድ ስላላገኘ የሚያመነምን የሳንባ በሽታ ነው ብሎ ይወስናል፤ ሌላ ሐኪም ምናልባት የተሻለ ሊያስተውል እንደሚችልም ራሱ ያውቃል። ካንት ይህን ዓይነቱን እምነት ለሥራ መንገድ መሠረት የሚሆን፣ ነገር ግን ሊለወጥ የሚችል እምነት አድርጎ ከጽኑ ዕውቀት ይለየዋል። በካንት ትንታኔ ውስጥ ትልቁ ነገር ሐኪሙ መወሰኑ ብቻ አይደለም፤ ውሳኔው ሌላ ሊተካው እንደሚችል አውቆ መወሰኑ ነው። በዘመናችን በሆስፒታል ግምታዊ ሕክምና የሚባለው፣ ማለትም ባክቴሪያው ሳይለይ በአካባቢው የተለመዱትን ባክቴሪያዎች ሁሉ ይሸፍናል ተብሎ የሚሰጠው ሰፊ መድኃኒት፣ ቅን ሊሆን የሚችለው በዚህ መንፈስ ሲሰጥ ብቻ ነው። ለለውጥ በሩን የዘጋ ግምት ከዕውቀት ጎራም ከካንት እምነት ጎራም አይቆጠርም።

ሳያውቁ የመወሰንን ጭንቅ ሕግ አድርጎ በሥርዓት የያዘ ጥንታዊ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ኦሪት ዘሌዋውያንን ቢገልጥ በ13ኛው ምዕራፍ ያገኘዋል። በዚያ ምዕራፍ ቆዳው ላይ አጠራጣሪ ምልክት የታየበት ሰው ወደ ካህኑ ይቀርባል፤ ካህኑ በዚህ ሥራው ፈዋሽ አይደለም፤ መርማሪ ነው። ምልክቱ ከቆዳው ዘልቆ እንደሆነ፣ ጠጉሩም ነጥቶ እንደሆነ ያያል፤ ነገሩ ግልጥ ከሆነ ይፈርዳል፤ ግልጥ ካልሆነ ግን ሰውየውን ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየውና በሰባተኛው ቀን ዳግመኛ ያየዋል፤ አሁንም ካልታወቀ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል፤ ከዚያም ምልክቱ ካልሰፋና ከከሰመ ንጹሕ ነው ብሎ ይለቀዋል። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በምዕራፉ የተገለጸው የቆዳ ደዌ ዛሬ ሥጋ ደዌ ከሚባለው በሽታ ጋር አንድ አይደለም፤ በዚህ ሕግ ስም በኋላ ዘመን በሕሙማን ላይ የደረሰው መገለልም የሚያሳዝን ነው። ይሁንና ሕጉ በራሱ ውስጥ አንድ ጥልቅ ማስተዋል ይዟል። ካህኑ በመጀመሪያው ቀን እንዲያውቅ አይገደድም፤ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ እንዲያይ ግን ይገደዳል። ሁለተኛው ዕይታ ለካህኑ ፈቃድ ወይም ለትዝታው የተተወ ሳይሆን ቀኑ ተቈርጦ የታዘዘ ነው። በ2011 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ለሆስፒታሎች ባወጡት መመሪያ በግምት የተጀመረ ማንኛውም የባክቴሪያ መድኃኒት በ48 ሰዓት ውስጥ እንደገና እንዲታይና ይቁም፣ ይለወጥ ወይም ይቀጥል የሚል ውሳኔ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ሲያዝዙ፣ ባያስቡትም ይህንኑ የካህኑን ግዴታ ለሐኪሙ ሰጥተውታል።

ሁለተኛው ዕይታ ግዴታ የሚሆንበትን ምክንያት ስለ አለማወቅ የተነገረው የሥነ ምግባር ትምህርት ያብራራዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሃይማኖት መምህር ቶማስ አኩዊናስ አለማወቅን ሁሉ አንድ አድርጎ አልተመለከተም፤ ሰው በትጋት ሊያስወግደው የማይችለው አለማወቅ ከበደል ነጻ ሲያደርግ፣ ሊያውቅ እየቻለና ማወቅ እየተገባው ቸል በማለቱ የቆየበት አለማወቅ ግን ራሱ ኃጢአት ነው ብሎ አስተምሯል። የኢትዮጵያ ክርስቲያን በማወቅና ባለማወቅ ስለሠራው በደል ይቅርታን ሲለምን ይህ መለያየት ሩቅ አይሆንበትም፤ ባለማወቅ የተሠራውም ይቅርታ የሚለመንበት መሆኑ ራሱ አለማወቅ ሁልጊዜ ማመካኛ እንደማይሆን ያሳያል። በእስልምና ትምህርት ደግሞ የሕክምና ዕውቀት ሳይኖረው ሰውን ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው የሚለው የነቢዩ ቃል በሕግ ሊቃውንት ዘንድ የሐኪም ኃላፊነት መሠረት ሆኖ ተጠቅሷል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በመጀመሪያው ሰዓት ያለው አለማወቅ ሊወገድ የማይችል ነው፤ ባክቴሪያው ካልበቀለ ማንም አያውቀውምና። ነገር ግን ናሙና ሳይወስድ መድኃኒቱን የጀመረ ሐኪም፣ ናሙናውን ለመውሰድ ጠርሙሱና ጊዜው እያለው፣ ሊወገድ የማይችለውን አለማወቅ በገዛ እጁ ዘላቂ ያደርገዋል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ሴፕሲስ ከነበረባቸው 325 ሕሙማን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ደም ወስዶ አነጻጽሯል፤ ከመድኃኒቱ በፊት በተወሰደው ደም ባክቴሪያ የተገኘው በ31.4 በመቶው ሲሆን ከመድኃኒቱ በኋላ በተወሰደው ግን በ19.4 በመቶው ብቻ ነበር። ጥቂት ደቂቃዎችን ቀድሞ ደም መውሰድ እንግዲህ የቢሮ ሥርዓት ማሟላት አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን የሚጠበቀው ምስክር በሕይወት እንዲቆይ ማድረግ ነው። ምስክሩ ከመጣ በኋላ ደግሞ የሚብሰው ጥፋት ይከተላል፤ ውጤቱ ተጽፎ በላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ማንም ሳያነበው የመጀመሪያው መድኃኒት ሲቀጥል፣ በዚያን ጊዜ አለማወቁ ከባክቴሪያው ወደ ሰው ተዛውሯል።

እስካሁን የተነገረው ስለ አልጋው ላይ ስላለው ሰው ነው። ነገሩን ከሌሎች የሕክምና ጥያቄዎች የሚለየው ግን በክፍሉ ውስጥ የማይታይ ሌላ ባለ ጉዳይ መኖሩ ነው። መድኃኒት ተላማጁን ባክቴሪያ አይፈጥረውም፤ ይመርጠዋል። የባክቴሪያ ተመራማሪዎቹ ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ በ1952 ባሳተሙት ሥራ በቬልቬት ጨርቅ የአንዱን ሳህን ባክቴሪያዎች አቀማመጣቸውን ሳይለቁ ወደ ሌላ ሳህን እያተሙ፣ መድኃኒትን የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች መድኃኒት ነክቶት በማያውቀው ሳህን ላይ አስቀድመው እንደነበሩ አሳይተዋል። ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰው ኤንዛይምም፣ ማለትም ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚበጣጥስበት ፕሮቲን፣ በሳይንስ መጽሔት የተገለጸው በ1940 ነው፤ የኦክስፎርድ ሐኪሞች መድኃኒቱን በጠና ለታመመ ሰው መስጠት የጀመሩት ደግሞ በ1941 ነው። ሰፊ መድኃኒት ወደ ሰውነት በገባ ቁጥር የተፈለገውን ባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን በአንጀት የሚኖሩትን እልፍ አእላፍ ምንም ያልበደሉ ባክቴሪያዎችም ይመታል፤ የሚተርፉት ተላማጆቹ ይበዛሉ፤ የመላመዱን መመሪያ የያዘውንም ዘረ መል ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ጭምር ያስተላልፋሉ፤ በእጅ፣ በአልጋ፣ በመሣሪያ ወደሚቀጥለው ታማሚ ይሸጋገራሉ።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በታኅሣሥ 1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህን በአንድ የታሰበ ታሪክ ገልጾታል፤ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲታመም ፔኒሲሊን ገዝቶ ከሚበቃው በታች ይወስዳል፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይቋቋማል፤ ሚስቱን ይይዛታል፤ እርስዋም በመድኃኒቱ ሳትድን ትሞታለች፤ ለሞቷም ተጠያቂው ባሏ ነው። የፍሌሚንግ ታሪክ አንድ በዳይና አንዲት ተበዳይ ስላሉት ፍርዱ ቀላል ነው። እውነተኛው ሁኔታ ግን እንዲህ አይደለም። ፈላስፋው ዴሬክ ፓርፊት በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ እያንዳንዳቸው ማንም ሊሰማው የማይችል ጥቂት ሥቃይ ብቻ የሚጨምሩ ብዙ ሰዎች፣ በአንድነት ግን ከባድ ሥቃይ የሚያደርሱበትን ሁኔታ አስቦ፣ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ አለመታየቱ ከበደል እንደማያነጻው ተከራክሯል። የባክቴሪያ መላመድ የዚህ ክርክር ሕያው ማረጋገጫ ነው ማለት ይቻላል። አንድም ሐኪም በአንድ ትእዛዙ ይህን ሰው ገደልሁ ሊል አይችልም፤ በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት ግን በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሐኪም የታመነው በፊቱ ላለው ሰው ነው፤ ገና ላልመጣ፣ ስሙም ለማይታወቅ ታማሚ ሲል በፊቱ ያለውን አሳንሶ ማከም ክህደት ነው። ተቃውሞው እውነት አለው፤ በመጀመሪያው ሰዓትም ሊሸነፍ አይገባውም። ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ጠባብ መድኃኒት ሰጥቶ ለወደፊቱ ትውልድ ቈጥቤአለሁ ማለት በሕይወት ያለውን ሰው መሣሪያ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ቀን የሁለቱ ባለ ጉዳዮች ጥቅም መለያየቱ ይቀንሳል። ውጤቱ ባክቴሪያው በጠባብ መድኃኒት እንደሚጠፋ ሲያሳይ፣ ወደ ጠባቡ መዛወር ለታማሚው ራሱ የኩላሊትን ጉዳትና ከአንጀት ባክቴሪያ መናጋት የሚመጣውን ተቅማጥ ይቀንስለታል፤ ለማይታወቀው ሰውም መድኃኒቱን ያቆይለታል። ውጤቱ በተቃራኒው የተሰጠው መድኃኒት እንደማይሠራ ሲያሳይ ደግሞ ለውጡ የታማሚው ሕይወት ነው። ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ ግዴታ ያለ የሚመስለው በአብዛኛው ማንም ባላነበበው ውጤት ፊት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚያነብበት ላብራቶሪ ላለው ሐኪም የተነገረ ነው። የአፍሪካ የላብራቶሪ ሕክምና ማኅበር ከአጋሮቹ ጋር በ14 የአፍሪካ አገሮች ያካሄደውና በ2022 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ከ50,000 ገደማ የሕክምና ላብራቶሪዎች መካከል የባክቴሪያ ምርመራ የሚያደርጉት 1.3 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ኢትዮጵያ ከአሥራ አራቱ አገሮች አንዷ አልነበረችም፤ ችግሩ ግን ለእርስዋም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2017 ብሔራዊ የመድኃኒት መላመድ ክትትል በጥቂት ጣቢያዎች አስጀምሯል፤ ካልቸር በወጉ የሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ግን ዛሬም ከማይሠራባቸው ያንሳሉ። ካልቸር በሌለበት ሆስፒታል ሴፍትሪያክሶን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ሊሰጡ ይገባል ብሎ ከመደባቸው መድኃኒቶች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ዓይነት ትኩሳት የመጀመሪያ መልስ ይሆናል፤ አልሠራ ሲልም ቤተ ዘመድ ማዘዣውን ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞረ ውዱን ይፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። በዓለም ዙሪያ ሴፕሲስ ለተጠረጠረበት ጨቅላ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰጠው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ነው፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች የተካሄደ ትልቅ ጥናት ግን ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ከዋነኞቹ የጨቅላ ሕፃናት ገዳዮች አንዱ መሆኑን አሳይቷል፤ ክሌብሲየላን ደግሞ አምፒሲሊን ከጥንትም በተፈጥሮው አይነካውም። ካልቸር በሌለበት ክፍል ሕፃኑ እየታከመ ነው ይባላል፤ ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ ምንም እንዳልሠራ፣ ሌላውም ሠርቶ እንደሆነ ማንም ሳያውቅ ሕፃኑ ይቀበራል። የዚያ ሐኪም አለማወቅ በአኩዊናስ ሚዛን ሊወገድ የማይችል ነውና እርሱ ንጹሕ ነው። ነገር ግን አለማወቁ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፤ ጠርሙስ፣ ሳህንና የሠለጠነ ባለሙያ ባለመኖሩ የመጣ ነው፤ እነዚህንም ማቅረብ የሚቻላቸው አሉ። ለግለሰቡ ሊወገድ የማይችለው አለማወቅ ለማኅበረሰቡ ሊወገድ የሚችል ሆኖ ሲገኝ በደሉ አይጠፋም፤ ባለቤቱ ይለወጣል እንጂ። እንዲህ ያለው አለማወቅ ሊወገድ እንደሚችልም በሳንባ ነቀርሳ ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 የደገፈው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የነቀርሳውን ባክቴሪያና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል፤ ዓለም ገንዘብ ሲመድብለትም በኢትዮጵያ እስከ ወረዳ ሆስፒታሎች ድረስ ደርሷል።

አንዳንድ አማኞች ይህን ያህል ምርመራ በእግዚአብሔር ፈቃድ ላይ ያለውን መታመን እንደሚያሳንስ ይሰማቸዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ ግን በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም እንዲከበር ያዝዛል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑንም ይናገራል፤ ታማሚውን በመጀመሪያ ወደ ጸሎት፣ ቀጥሎም ወደ ሐኪም ይመራዋል። መድኃኒት ስጦታ ከሆነ የትኛው ለየትኛው እንደተሰጠ መመርመር ስጦታውን ማክበር ነው፤ ሳይመረምሩ ማባከን ደግሞ መታመን ሊባል አይገባውም።

ምርመራው ራሱ ፍጹም አይደለምና አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ከላይ በተጠቀሰው የ325ቱ ሕሙማን ጥናት መድኃኒት ሳይነካው በተወሰደው ደም እንኳ ከሁለት ሦስተኛ በሚበልጡት ሕሙማን ምንም አልበቀለም። በሦስተኛው ቀን ለሐኪሙ የሚደርሰው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልተገኘም የሚል ነው፤ ይህም ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም፤ አለ ማለትም አይደለም። በእንዲህ ያለው ዝምታ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ማቆም ከመጀመር ይልቅ ድፍረት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም መድኃኒት እየወሰደ የሞተ ሰው ሐኪሙ የቻለውን አድርጎለታል ሲባል፣ መድኃኒቱ ከቆመበት በኋላ የሞተው ግን ሐኪሙን ያስወቅሰዋል። ታማሚው ተሽሎት፣ ትኩሳቱ በርዶ፣ ሌላ ምክንያት ተገኝቶለት ሳለ እንኳ መድኃኒቱ ለሁለት ሳምንት የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነው፤ ፍርሃቱም የሚጸናው ሌሊት ተረኛ በሆነው ጀማሪ ሐኪም ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒት የማቆም ውሳኔ የአንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን፣ የክፍሉ ከፍተኛ ሐኪም፣ የፋርማሲ ባለሙያውና የላብራቶሪው ሰው በሦስተኛው ቀን በታማሚው ካርድ ላይ ምክንያቱን ጽፈው አብረው ሊፈርሙበት ይገባል፤ ቤተ ዘመዱም መድኃኒቱ የሚቆመው ታማሚው ስለተተወ ሳይሆን ስለተመረመረ መሆኑ በአልጋው አጠገብ ሊነገረው ይገባል።